እድር ነው ወይስ እቁብ?

ባለፈው ቅዳሜ አበልጄ እኛ ቤት መጥቶ፣ ቡናው ገና ቶና ላይ ሳለ ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ። በሃያ ዓመት ወዳጅነታችን በረካ ሳይጠጣ ሲሄድ የመጀመሪያው ነው። ባለቤቴ ስኒዎቹን እያለቀለቀች "ደግሞ ምን አልከው?" አለችኝ። ያልኩት አንድ ነገር ነው፦ "አንተ ሰው ስላልሞተብህ የእድር መዋጮዬን መልሱልኝ ትላለህ?" እሱ የመለሰልኝን ግን እስካሁን እያላመጥኩት ነው። እነግራችኋለሁ፤ የተጣላነው መንግሥት ለልጆች የግል ትምህርት ቤት በሚከፍለው ገንዘብ፣ ቫውቸር በሚሉት ነው። መጀመሪያ ግን ነገሩን ከሥሩ ላንሣው።

እኔ የትምህርት ቤት ባስ ሹፌር ነኝ። ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ቢጫ ባስ መንዳት ከጀመርኩ ዘንድሮ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። መሥሪያ ቤቴን አልጠራም፤ እንጀራዬ ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ተነሥቼ ግቢ እደርሳለሁ፤ በባትሪ እያበራሁ ጎማውን፣ የፍሬኑን አየር፣ መብራቱን፣ የድንገተኛ መውጫውን በር አያለሁ። በጥር ወር ይህ ምን እንደሚመስል ጣቶቼን ጠይቁ። ልጆቹን አውርጄ ሞተሩን ሳጠፋ ደግሞ ባሱ መጮህ ይጀምራል። ጩኸቱ የሚቆመው እስከ መጨረሻው ወንበር ሄጄ ከኋላ ያለችውን ቁልፍ ስጫን ብቻ ነው። የተኛ ልጅ ባስ ውስጥ እንዳይረሳ ያመጡት ዘዴ ነው። ያቺን መንገድ በቀን ደጋግሜ እመላለስባታለሁ፤ ወንበር ሥር እያየሁ። ጓንት፣ የተነከሰ ብስኩት፣ የቤት ሥራ አገኛለሁ፤ አንድ ጊዜ በሕይወት ያለ እንቁራሪት አግኝቻለሁ።

ብዙ ሀበሻ የማያውቀው ነገር አለ። በኦሃዮ ሕግ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድረው ዲስትሪክት የራሱን ተማሪዎች ብቻ አይደለም የሚያመላልሰው። በአካባቢው የሚኖሩ፣ የግልና የቻርተር (በመንግሥት ገንዘብ በሌላ አካል የሚመራ) ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆችንም፣ ትምህርት ቤታቸው በመኪና ከግማሽ ሰዓት በላይ እስካልራቀ ድረስ፣ የማድረስ ግዴታ አለበት። ስለዚህ የእኔ ባስ ጠዋት ሁለት ዙር አለው። በእኛ ሰዓት አንድ ሰዓት ላይ የምጀምረው ዙር ክራቫት ያሰሩና ባለ መስመር ቀሚስ የለበሱ የግል ትምህርት ቤት ልጆችን ነው የሚያነሣው። ለሁለት አሥር ጉዳይ ሲሆን በዚያው ሰፈር ተመልሼ የፐብሊክ ስኩል፣ ማለት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ልጆችን አነሣለሁ። ባሱም ያው፣ ሹፌሩም ያው ነው።

በዚህ ማመላለስ ጉዳይ ራሱ ክስ ተነሥቷል። በፈረንጆቹ 2024 የስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ዴቭ ዮስት የኮሎምበስ ከተማ ትምህርት ቤቶችን "የግልና የቻርተር ተማሪዎችን በሕጉ መሠረት አላመላለሳችሁም" ብለው ፍርድ ቤት አቁመዋቸዋል። ሹፌር ጠፍቷል፤ ከኮቪድ ወዲህ በመላው አሜሪካ ጠፍቷል። አንድ ባስ ሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ መድረስ አይችልም፤ ይህን የሚያውቅ ግን መሪው ላይ የተቀመጠ ሰው ነው።

ወደ ቫውቸሩ ልምጣ። እዚህ ኤድቾይስ ይባላል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ሚልተን ፍሪድማን የተባለው የኢኮኖሚክስ ሊቅ በ1955 ነው የጻፈው። መንግሥት ለትምህርት ገንዘብ ያውጣ፣ ትምህርት ቤቱን ግን ራሱ አይምራ፤ ወላጅ ገንዘቡን ይዞ የሚፈልገው ቦታ ይሂድ። በተግባር የታወቀው ሚልዋኪ ላይ በ1990 ሲጀመር ነው፤ ያኔ ከፊት ሆነው ከታገሉለት ውስጥ በከተማው ትምህርት ቤቶች የተማረሩ ጥቁር ወላጆችና መሪዎች ነበሩበት። ይህን የምለው ነገሩ የሀብታም ተንኮል ብቻ ነው ብለው ለሚያልፉት ነው። ኦሃዮ ደግሞ በክሊቭላንድ ጀመረች፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ "ይቻላል" አለ። ቀጥሎ በስቴቱ ሙሉ ኤድቾይስ መጣ። መጀመሪያ የተባለው "ውጤታቸው የወደቀ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ለተያዙ ልጆች" ነበር። እዚህ ድረስ እኔም እጄን አውጥቼ እደግፍ ነበር።

በ2023 ሕጉ ተከፈተ። ገዢው ማይክ ደዋይን የፈረሙት በጀት ስኮላርሺፑን ለማንኛውም የኦሃዮ ልጅ አደረገው። በመጀመሪያው ዓመት አራት ሰው ያለበት ቤተሰብ በዓመት እስከ 135 ሺህ ዶላር እያገኘ ሙሉውን ይወስድ ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚያገኘው እየቀነሰ ይሄዳል እንጂ ባዶውን አይወጣም። ሙሉው ማለት በዚያ ዓመት እስከ ስምንተኛ ክፍል 6,165 ዶላር፣ ለሁለተኛ ደረጃ 8,407 ዶላር ነበር። በአንድ ዓመት በገቢ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ተጠቃሚዎች ቁጥር ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ፤ ስቴቱ በሁሉም ዓይነት የዚህ ስኮላርሺፕ ፕሮግራሞቹ ላይ በዚያ የበጀት ዓመት ያወጣው ገንዘብ አንድ ቢሊዮን ዶላር ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው።

ከባሱ ሆኜ ምን አየሁ መሰላችሁ? ምንም። በዚያ መስከረም የአንድ ሰዓቱን ዙር ስጀምር አዲስ ልጅ እጠብቅ ነበር። ሬዲዮው "ሺህ በሺህ ሆነው እየጎረፉ ነው" ሲል ከርሟል። ልጆቹ ግን ያው የአምናዎቹ ናቸው። ስማቸው፣ ቦርሳቸው፣ የሚሻሙበት የመስኮት ወንበር ያው ነው። የተለወጠው የትምህርት ቤቱን ክፍያ የሚከፍለው ሰው ነው። ኋላ ላይ በቁጥርም ወጣ፤ የግል ትምህርት ቤቶቹ ተማሪ በስኮላርሺፑ ልክ አልጨመረም፣ አብዛኞቹ አዳዲስ ተጠቃሚዎች ድሮም እዚያው የነበሩ ናቸው።

ከእነዚህ አንዱ አበልጄ ነው። የራሱ ትራክ አለው፤ ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው የሚያድረው። ሁለት ልጆቹን ከፈረንጆቹ 2018 ጀምሮ ካቶሊክ ትምህርት ቤት በኪሱ ሲያስተምር ኖሯል። ስኮላርሺፑ ሲመጣ ያ ሸክም ወረደለት። እንደ ሌባ ሊታይ አይገባውም፤ ሕጉ ሰጠው፣ ወሰደ። "የቤት ታክስ እከፍላለሁ፣ ለማልጠቀምበት ትምህርት ቤት። በላዩ ላይ የልጆቼን እከፍላለሁ። ሁለት ጊዜ መክፈል ጽድቅ ነው እንዴ?" ይለኛል። የቤት ታክሱን ነገር እኔም አውቀዋለሁ። በ2023 ኅዳር ኮሎምበስ ውስጥ ለትምህርት ቤቶች የቀረበውን ሌቪ የሚሉትን ተጨማሪ የቤት ታክስ ሕዝቡ በድምፅ አጸደቀው፤ በየ100 ሺህ ዶላሩ የቤት ግምት በዓመት ወደ 270 ዶላር። እኔ "አዎ" ብዬ መርጫለሁ፤ ወረቀቱ ሲመጣ ግን ባለቤቴ ፊት ለሁለት ቀን ቀና ብዬ አልሄድኩም።

አበልጄ እንዲያው በስሜት ብቻ አይደለም የሚናገረው፤ ያነባል። በ2025 የወጣውን የኧርባን ኢንስቲትዩት የተባለ የምርምር ተቋም ጥናት በቴሌግራም የላከልኝ እሱ ነው። ኤድቾይስ ከተጠቀሙ ተማሪዎች 64 ከመቶው ኮሌጅ ሲገቡ፣ ከሚመሳሰሏቸው የፐብሊክ ስኩል ተማሪዎች የገቡት 48 ከመቶ ናቸው። ከሥሩ "እህሳ፣ ጋሽ ሹፌር?" ብሎ ጽፎልኛል። አንብቤው ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ትልቅ ልዩነት ነው፤ መካድ አይቻልም። ከዚያ ግን አንድ ነገር አየሁ፦ እነዚያ ልጆች ስኮላርሺፑ ገና ለወደቁ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ብቻ በነበረበት ዘመን የወሰዱ ናቸው። በዚያው ዘመን በነበሩት ተማሪዎች ላይ በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የፈተና ውጤታቸው፣ በተለይ በሒሳብ፣ እንደ ቀነሰ ነው ያገኘው። የሚጣረስ ይመስላል፤ ልጅ ያሳደገ ሰው ግን አይገርመውም። የአበልጄ ልጆች ደግሞ ከሁለቱም ጥናት ውስጥ የሉም። እነሱ ድሮም ኮሌጅ ሊገቡ ነበር፤ አባታቸውን እኔ አውቀዋለሁ፣ በጆሮአቸው ጎትቶም ቢሆን ያስገባቸዋል።

አሁን ስለ አንዲት እህታችን ልንገራችሁ፤ ከጥናቱ ሁሉ ይልቅ እኔን ያስጨነቀችኝ እሷ ናት።

መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። የአሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጅና የስምንት ዓመት ወንድ ልጅ አላት፤ አባትየው አብሯቸው የለም። ልጅቷ ጎበዝ ናት። ወንዱ ቃል ሲጀምር አፉ ላይ ይያዝበታል፣ ንባቡም ወደ ኋላ ቀርቷል። ፐብሊክ ስኩሉ መርምሮ አይኢፒ የሚባለውን የልዩ ድጋፍ ሰነድ አዘጋጅቶለታል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ንግግር የምታለማምደው ባለሙያ አለችው። እናቱ ስለ ትምህርት ቤቱ ስሞታዋ ብዙ ነው። ሕንፃው ያረጀ ነው፣ ባለፈው ዓመት አስተማሪው ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፣ ልጅቷ መጸዳጃ ቤት ውስጥ በትልልቅ ልጆች ተገፍትራ ጥርሷ ተነቅንቋል። ከዚያ ቀን በኋላ ነው "ጋሼ፣ ያንን የነፃውን ፎርም ሙላልኝ" ብላ የመጣችው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። ምን ብዬ "ተይው" እላታለሁ?

ሞላንላት። አንድ ነገር በሕጉ ውስጥ ያለ እውነት ነው፤ ገቢው ከድህነት መስመሩ ሁለት እጥፍ ያልበለጠ ቤተሰብ ከስኮላርሺፑ በላይ የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም። ይህ ለእሷ ትልቅ ነገር ነው። ግን ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ የግል ትምህርት ቤቱ ልጁን መቀበል አለበት፤ ገንዘቡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። "ምርጫ የወላጅ ነው" የሚለው ማስታወቂያ ሁሉ ይህችን አንዲት መስመር ዘሏታል።

ሁለቱንም ልጆች ለፈተናና ለቃለ መጠይቅ ወሰደቻቸው። ከሌሊት ሥራ በቀጥታ ነው የሄደችው፣ ልብሷን መኪና ውስጥ ቀይራ። ልጅቷን በደስታ ተቀበሏት። ስለ ልጁ ከአራት ቀን በኋላ ደወሉ። ትምህርት ቤቱን አልጠራም፤ ክፉም አልተናገሯትም። "ድንቅ ልጅ ነው፤ እሱን የሚረዳ ሠራተኛ ግን የለንም" ነው ያሏት። ለእንዲህ ያሉ ልጆች ጆን ፒተርሰን የሚባል ሌላ ስኮላርሺፕ አለ የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አለ፣ ገንዘቡም ከፍ ያለ ነው። እሱም ቢሆን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲገኝ ነው። ስትወስደው ደግሞ ዲስትሪክቱ ለልጁ ያለበትን ግዴታ ትለቃለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ አይደል?

እናም አሁን እንዲህ ሆነ። በየጠዋቱ በአንድ ሰዓት እዚያች ጥግ ላይ ስቆም ልጅቷ ክራቫቷን አስራ ትጠብቀኛለች፤ እናቷ የመጋዘኑን አንጸባራቂ ሰደርያ እንደለበሰች ከጎኗ ቆማለች፤ ወንድ ልጇ የእጇን ጣት ይዟል። ልጅቷ ትወጣለች። በሩን ስዘጋ ልጁ እጁን ያወዛውዝልኛል። ለሁለት አሥር ጉዳይ ስመለስ ሁለቱ እዚያው ናቸው። ቤት ገብታ ብትቀመጥ እንቅልፍ ይዟት እንዳይሄድ ስለምትፈራ ሃምሳውን ደቂቃ ቆማ ነው የምታሳልፈው። አንድ የካቲት ጠዋት፣ በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚት ሲደርስ፣ የእሳት አደጋ ውኃ መቅጃው ላይ ተደግፋ ቆማ ተኝታ አገኘኋት። ልጁ "እማዬን እንዳትቀሰቅሳት" ሊለኝ ፈልጎ "እ... እ... እ" እያለ ቀረ፤ በመጨረሻ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም አሰኘኝ።

ባሱ ላይ ሲወጣ ሁልጊዜ የሚቀመጠው እህቱ በተነሣችበት ወንበር ነው። አራተኛው፣ በቀኝ በኩል። እንዴት እንዳወቀ አላውቅም፤ እኔ አልነገርኩትም። "ሞ... ሞቅ ይላል" ብሎኛል አንድ ቀን።

አባቴ አስተማሪ ነበር፤ ወሎ። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1966 ላይ ሥራ ካቆሙት መምህራን አንዱ ነው። በዚያን ጊዜ "ሴክተር ሪቪው" የሚባል የትምህርት ጥናት ወጥቶ ነበር። ሰነዱን ያዘጋጁት ሰዎች ትምህርትን ለብዙኃኑ ለማዳረስ ነው ብለው ነበር፤ ለአብዛኛው ልጅ አራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት። መምህራኑና ወላጆቹ የሰሙት ሌላ ነው፦ የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ይቁም፣ የባለጸጋው ይቀጥል። የካቲት 11 ቀን መምህሩም ታክሲ ነጂውም በአንድ ቀን ሥራ አቆሙ፤ ታክሲ ነጂው የቤንዚን ዋጋ ጨምሮበት ነበር። ሰነዱ ብዙም ሳይቆይ ተነሣ፤ ንጉሡም በመስከረም 1967 ወረዱ። አባቴ ይህን ሲተርክ ስለ አብዮቱ ብዙ አይጨነቅም ነበር። የሚያስቀው ሌላ ነው፤ "ታክሲ ነጂ ከመምህር ጋር አብሮ አደመ፣ ልጁን የሚያስተምረው እኔ ስለሆንኩ" ይል ነበር። አሁን እኔ ሹፌር ሆኜ ስለ መምህራን ስጽፍ ቢያየኝ ምን ይለኝ ነበር እላለሁ።

በነሐሴ 2022 የኮሎምበስ መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ትዝ ያለኝም እሱ ነው። ከ1975 ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። ከጠየቁት ውስጥ አየር ማቀዝቀዣና የሚሠራ ሕንፃ፣ በክፍል ውስጥ ልክ ያለው የተማሪ ቁጥር ነበረበት። ልጄ የትምህርት ዓመቱን በኮምፒውተር ስክሪን ፊት፣ በፒጃማ ጀመረች። ጥቂት ቀን ነው የቆየው፤ አበልጄ ግን እስካሁን ይመዘዋል። "የእኔ ልጆች በዚያ ሳምንት ክፍል ውስጥ ነበሩ" ይላል። እውነቱን ነው።

ፍርድ ቤቱም ገና አልጨረሰም። የኮሎምበስ ከተማ ትምህርት ቤቶች ያሉበት የዲስትሪክቶች ስብስብ በ2022 ክስ መሥርቶ ነበር፤ በጁን 24 ቀን 2025 የፍራንክሊን ካውንቲ ዳኛዋ ጄይዛ ፔጅ ኤድቾይስ ከስቴቱ ሕገ መንግሥት ጋር ይጋጫል ብለው ፈረዱ። ሕገ መንግሥቱ የ1851 ነው፤ ስቴቱ "የተሟላና ብቁ የጋራ ትምህርት ቤቶች ሥርዓት" እንዲያቋቁም ያዛል፤ የትኛውም የሃይማኖት ወገን የትምህርት ገንዘቡን በብቸኝነት እንዳይዝም ይከለክላል። ዳኛዋ ይግባኙ እስኪታይ ግን ፕሮግራሙ ይቀጥል ብለዋል፤ ስለዚህ ገንዘቡ እንደ ወትሮው እየተከፈለ ነው። "የጋራ" የምትለዋ ቃል ናት የያዘችኝ። ሶማሌ ጎረቤቶቻችን በዚሁ ስኮላርሺፕ ልጆቻቸውን እስላማዊ ትምህርት ቤት ያስተምራሉ፤ ቋንቋቸውንና ሃይማኖታቸውን ሲጠብቁ ሳይ፣ እኛ የራሳችን ቢኖረን የመጀመሪያው ተሰላፊ እኔ እሆን ነበር ብዬ አስባለሁ። ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ግን ደግሞ ባስ መንዳት ያሠለጠነችኝ ሴትዮ አለች። ጥቁር አሜሪካዊት፣ ቨርጂኒያ የተወለደች፣ አሁን ጡረታ ወጥታለች። የቨርጂኒያዋ ፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ በ1959 ጥቁርና ነጭ ልጆች አብረው እንዳይማሩ ስትል ፐብሊክ ስኩሎቿን በሙሉ ዘግታ ነበር፤ አምስት ዓመት። ነጮቹ የግል ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ የትምህርት መክፈያ ድጎማም ከመንግሥት ተሰጣቸው። የጥቁሮቹ ልጆች የዘመድ ቤት የሄዱት ሄዱ፣ የቀሩት ቀሩ። ሴትዮዋ ቫውቸር የሚለውን ቃል በሰማች ቁጥር የባሱን መሪ በጣቷ መታ መታ ታደርግ ነበር፤ ሌላ ምንም አትልም። የዛሬው ሕግ የዚያ ዓይነት አይደለም፤ አበልጄ ይህን ሲሰማ ይቆጣል፣ መቆጣቱም ተገቢ ነው። ቢሆንም የጣቷ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም።

ቅዳሜ ዕለት የተነጋገርነው እንዲህ ነበር። እኔ አልኩት፦ ፐብሊክ ስኩል እድር ነው። ሁሉም ያዋጣል፤ ሐዘን የደረሰበት ይጠቀማል፤ ዘንድሮ ቤትህ ለቅሶ አልነበረም ብለህ ድርሻዬን ስጡኝ አትልም፤ ብትል ደግሞ ድንኳኑን ቆርጠን ነው የምንሰጥህ። እናንተ ግን እቁብ አደረጋችሁት፤ ሰው ሁሉ የራሱን ዕጣ ይዞ የሚሄድበት። እቁብ ክፉ አይደለም። ግን እቁብ ውስጥ እንኳ ተራው ለሁሉም ይደርሳል። ዕጣ የማይወጣለት እቁብተኛ የት አየህ? ያ ልጅ ዕጣው መቼ ነው የሚወጣው?

እሱ ስኒውን አስቀመጠ። "እሺ፣ እድር ይሁን" አለ። "እድሩ ድንኳኑ ተቀዷል። ዳኛው ስልክ አያነሣም። ለቀስተኛውን ዝናብ እየመታው ነው። እኔ ለልጆቼ ጃንጥላ ብገዛ ድንኳኑን የቀደድኩት እኔ ነኝ? ደግሞ አንተ ራስህ ለዚያች ሴት ፎርሙን የሞላህላት ለምንድን ነው? ልጅቷ ጃንጥላ ሥር ገብታለች። አስወጣታለሁ በላ!"

ሄደ። እኔም አልተከተልኩትም። ያስቆጣኝ እውነት ስለተናገረ ነው መሰለኝ። ልጅቷ ጥርሷን ሳትይዝ ነው አሁን የምትስቀው፤ በየቀኑ በመስታወቱ አያታለሁ።

ለእሱ ያልመለስኩለት ግን አንድ ነገር አለ። እያንዳንዱ ጃንጥላ የሚገዛው ከድንኳኑ መጠገኛ ካዝና ነው። አንድ ቢሊዮን ሊሞላ የቀረበው ገንዘብ ከሰማይ አልወረደም፤ የስቴቱ በጀት አንድ ኪስ ነው። ድሮም የራሳቸው ጃንጥላ ለነበራቸው ሰዎች ዋጋውን መመለስ ደግሞ ማንንም ከዝናብ አላዳነም። ለወደቀ ትምህርት ቤት ልጅ፣ ለተገፈተረች ልጅ፣ ስጡ፤ ከእኔ ታክስም ስጡ። ብቻ ገንዘቡን የወሰደ ትምህርት ቤት በሩ ላይ የቆመውን ልጅ ሁሉ ይቀበል። እኔ ባሴ ላይ "አንተ አትናገርም፣ ውረድ" ማለት እችላለሁ? ያን ቀን ሥራዬንም መንጃ ፈቃዴንም ይቀሙኛል፤ ይበለኝም።

ትናንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያቺ እህታችን ከሁለት ልጆቿ ጋር መጣች። በቡናማ ፖስታ የደመወዝ ወረቀቷን፣ የቤት ኪራይ ውሏን፣ የልጁን የልደት ሰርተፍኬት ይዛለች። ሌላ የግል ትምህርት ቤት አግኝታለች፣ ከቤቷ ቀረብ ያለ። "ምናልባት እነዚህ ይወስዱት ይሆናል፤ ሁለቱ በአንድ ባስ ቢሄዱ እኔም አንድ ሰዓት እተኛ ነበር" አለች። ልጁ ሶፋው ላይ ተንበርክኮ የእህቱን ክራቫት አንገቱ ላይ ለማሰር ይታገላል፤ እህቱ "በዚህ በኩል ነው፣ አንተ!" እያለች ትመታዋለች።

መነጽሬን አድርጌ ጀመርኩ። ስም፣ አድራሻ፣ የትውልድ ቀን። ሁለተኛው ገጽ መሐል ላይ፦ ልጁ የተለየ የትምህርት ድጋፍ ያገኛል? አዎ፣ አያገኝም።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልጁን በዓይኗ እያየች፣ "ጋሼ፣ እንጻፈው ወይስ እንዝለለው?" አለችኝ።

እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ባለቤቴን ቡና አፍይልን አልኳት።